የጤና አስተማሪዋና መጽሐፏ፤ በሆለታ ዙሪያ ስለ ገጠር ሴቶች የጤና ሥልጠና የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም የገጠር ሴቶች የሰፈራቸው ጤና አስተማሪዎች እንዲሆኑ በአገራችን የሚሰጣቸው ሥልጠና በእርግጥ አስተማሪ ያደርጋቸዋል ወይ? የሚለው ጥያቄ ነው። ስለ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም አብዛኛው ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ያነበብነው ምስጋና የሚሰጠው ለቁጥሩ ነው። ስንት ሴት ሠለጠነች፣ ስንት ጤና ኬላ ተሠራ፣ ስንት ሕፃን ተከተበ ይባላል። ሠልጣኟ በአንዲት እናት ፊት ተቀምጣ አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል፣ በምን ቋንቋ እንደምትል፣ እናቲቱስ ስለ ምን ልታምናት እንደሚገባ የሚጠይቅ ጽሑፍ ግን ያገኘነው ጥቂት ነው።

ምሳሌያችንን ከሆለታ ዙሪያ የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ያለች፣ ለሥልጠና እንግዳ ያልሆነች ከተማ ናት። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በእርሷ ነው፤ የእርሻ ምርምር ማዕከሏም ስሙ የታወቀ ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የወልመራ ወረዳ ገበሬ ገብስና ድንች ይዘራል፣ ላም ያልባል፤ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ በገበያ አማርኛ ይሰማል፣ ልጁን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲልክ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይገናኛል ማለት ነው። ለያዝነው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ቦታ መፈለግ አላስፈለገንም።

የጤና ትምህርትን ወደ ገጠር ለማድረስ የተደረገው ጥረት የዛሬ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በደርግም ዘመን፣ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ ከተደረገው የዓለም ጉባኤ ወዲህ፣ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆች በየገበሬው ማኅበር ተመርጠው ነበር። ወኪሎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ሥልጠናቸውም የጥቂት ወራት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቀዘቀዘ፤ ብዙዎቹም ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከቀደሙት የሚለየው በሦስት ነገር ነው። የመረጠው ሴቶችን ነው፤ የመረጣቸው ከዚያው ከሚያገለግሉበት ቀበሌ ነው፤ ደመወዝም ቆርጦላቸዋል። ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አንድ ዓመት ትማር ነበር፤ ከጊዜውም ሲሦው ያህል በክፍል፣ የቀረው በተግባር ያልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ 5,000 ያህል ሕዝብ ባለበት ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ጤና ኬላ ይመደባሉ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ የሠለጠኑት ከ30,000 በላይ ነበሩ። ትምህርታቸው መጀመሪያ በ16 ፓኬጅ የተከፈለ ሲሆን የግልና የአካባቢ ንጽሕናን፣ በሽታን መከላከልን፣ የቤተሰብን ጤንነት፣ በመጨረሻም ራሱን የጤና ትምህርትን ይይዛል። እንግዲህ አሳቡ ትልቅ ነው። ባዕድ ሐኪም በወር አንድ ጊዜ በመኪና ከሚመጣ ይልቅ የጎረቤት ልጅ በየቀኑ በእግሯ ብትመጣ ይሻላል ብሎ የወሰነውን ሰው እኛ በበኩላችን እናደንቃለን።

ሒሳችን የሚጀምረው ከመጽሐፉ ነው። በ2003 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ፣ በሥራ ላይ ያሉት ሠራተኞች ወደሚቀጥለው ደረጃ እንዲያድጉ የሚማሩባቸውን 13 ሞጁሎች አዘጋጅቷል። ስለ ነፍሰ ጡር ክትትል፣ ስለ ምጥና ወሊድ፣ ስለ ድኅረ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ተላላፊ በሽታዎች እያለ ይዘልቃል፤ ከእነዚህም አንዱ ለጤና ትምህርትና ለኅብረተሰብ ማነሣሣት የተለየ ነው። የጻፏቸው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ያሉባቸው ናቸው፤ ሥዕሉ ግልጽ፣ ቅደም ተከተሉ የታሰበበት ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ተማሪዋ ራሷን የምትፈትንበት ጥያቄ አለ። በኢንተርኔትም ለማንም ያለ ዋጋ ተለቅቋል። በዩኒቨርሲቲ የምንማርባቸው አንዳንድ መጻሕፍት በዚህ ትጋት ቢዘጋጁ ደስ ባለን።

ሁሉም ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው።

ይህ ነገር ለብዙ አንባቢ ትንሽ ይመስለው ይሆናል። የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ አይደለም ወይ? ይለናል። ነው፤ ነገር ግን ኢንጂነሩ ድልድዩን በእንግሊዝኛ አስልቶ በብረትና በሲሚንቶ ይሠራዋል፤ ብረቱ ቋንቋ አይጠይቀውም። የጤና አስተማሪዋ ሥራ ግን መናገር ነው። የወልመራ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምራ፣ ዘጠነኛና አሥረኛን በእንግሊዝኛ አልፋ፣ ሥልጠናውንም በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ትጨርሳለች፤ በመጨረሻም የተማረችውን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሳ እንድትናገር ይጠበቅባታል። የመመለሱን ሥራ ማን አስተማራት? በክፍል ውስጥ መምህሩ በአፉ ያብራራላት ይሆናል። መጽሐፉ ግን ይህን ጉዳይ እንደ አንድ የሙያ ክፍል አልያዘውም። ትርጕም ራሱ የጤና አስተማሪ ዋና ጥበብ መሆኑ ተዘንግቶ ለእያንዳንዷ ልጅ የግል ብልኀት ተትቷል።

ምን ማለታችን እንደ ሆነ በምሳሌ እናስረዳ። ባለፈው ዓመት ከሆለታ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ጤና ኬላ በረንዳ ላይ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች የተሰጠ ትምህርት ለማዳመጥ ዕድል አግኝተን ነበር። አስተማሪዋ ዕድሜዋ ከእኛ ብዙ የማይበልጥ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት። የዕለቱ ርዕስ ጡት ማጥባት ነበረና በኦሮምኛ ጀመረች፤ ከዋናው ነገር ላይ ስትደርስ ግን «ኮሎስትረም» አለች። ኮሎስትረም ሕፃኑን ከበሽታ ይጠብቃል፣ ኮሎስትረም አይጣልም፣ ከእርሱ አስቀድሞ ለሕፃኑ ቅቤ ማዋጥ አይገባም እያለች ቀጠለች። እናቶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። «ገብቷችኋል?» ብትላቸው ሁሉም «ገብቶናል» አሉ። ከጥግ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ግን «ልጄ፣ ይህ የምትዪው ነገር ሲልጋ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ሲልጋ በአማርኛ እንገር የምንለው ነው። «አዎን ሀርሜ፣ እርሱ ነው» አለቻቸው። ሀርሜ እናቴ ማለት ነው። «ታዲያ እንደዚያ አትዪንም? ጥጃ እንኳ ሲልጋ ካልጠባ መች ይቆማል!» አሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብናይ ስለ ጤና ትምህርት በመጽሐፍ ካነበብነው ይልቅ ብዙ ያስተምራል። አንዲቱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ አማቷ እንገሩን አልበው እንደ ደፉባት ተናገረች። ሌላይቱ ቢጫ ስለ ሆነ የቆሸሸ ወተት ይመስለን ነበር አለች። ሦስተኛዋ ለጥጃው የምንሰጠውን ለልጃችን እንነፍጋለን ማለት ነው? ብላ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ። ወደ ስድስት የሚሆኑ ጥያቄዎች ተከታትለው መጡ፤ አስተማሪዋም መልካም አድርጋ መለሰች፤ ዕውቀቱ ነበራትና። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ልጅቱ «ሲልጋ» የሚለውን ቃል ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው መሆኑን ነው፤ ከብት ካለበት ቤት ነው ያደገችው። የአንድ ዓመት ትምህርት ከአዲሱ ዕውቀት ጋር አዲስ ቃል ሰጥቷት የቀድሞውን ቃል ሸፈነባት። አዲሱን ቃል መናገርም የተማረች መሆኗን የሚያሳይ ምልክት ስለ ሆነ መተዉ አይቀልላትም።

እኛም ይህን ከሩቅ ሆነን አንፈርድበትም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የንጽሕና ትምህርት የተማርነው በእንግሊዝኛ ነበር። ስለ ጀርም አንድ ሙሉ ገጽ በቃላችን ይዘን ፈተናውን በሚገባ አልፈናል። ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ እናታችን «ጥሩ የምንጭ ውሃ ስለ ምን ይፍላ?» ብለው ቢጠይቁን ግን የምንመልስበት ቃል በአፋችን አልነበረም። በውሃ ውስጥ ትል አለ ብንላቸው ውሃውን ቀድተው አይተው «የታለ?» ይሉናል። የማይታይ ነገር አለ ብንላቸው ደግሞ ስለ ሌላ ነገር የምንናገር ይመስላቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳየን መጽሐፍ አልነበረም።

በጤና ትምህርቱ ሞጁል ውስጥ እጅግ የምናደንቀው አንድ ክፍል አለ። የሰውን ጠባይ የሚለውጡትን ነገሮች ከሦስት ይመድባቸዋል። የመጀመሪያው ሰውየው የሚያውቀውና የሚያምነው ነው፤ ሁለተኛው ድርጊቱን ለመፈጸም የሚያስችለው ገንዘብ፣ ዕቃና ቅርበት ነው፤ ሦስተኛው ድርጊቱን ከፈጸመ በኋላ እንዲገፋበት የሚያበረታው የቤተ ዘመድና የጎረቤት አስተያየት ነው። ይህ አከፋፈል ከአሜሪካ ሊቃውንት የመጣ ቢሆንም ለእኛም አገር ይስማማል። ችግሩ ፕሮግራሙ ራሱ በመጽሐፉ ያስተማረውን በሥራው ላይ አለመከተሉ ነው። ሥራው የሚቈጠረው በሁለተኛው ብቻ ነው፤ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ መድኃኒት ተሰጠ፣ ካርድ ተሞላ ተብሎ ይቈጠራል። አንደኛውና ሦስተኛው፣ ማለት ልብና ጎረቤት፣ በመዝገብ ላይ ቦታ የላቸውም።

ይህን በቁጥር መመልከት ይቻላል። በየጊዜው በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ1997 ዓ.ም. 15፣ በ2003 ዓ.ም. 29፣ በ2008 ዓ.ም. 36 ሆነዋል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናትም በ1992ቱ ጥናት ከ1,000 ውስጥ 166 የነበሩት በ2008ቱ 67 ሆነዋል። በጤና ድርጅት መውለድ ግን በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 5 ነበረ፤ በ1997 ዓ.ም. ያው 5፤ በ2003 ዓ.ም. እንኳ ገና 10 ብቻ ነበረ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ ስምንት ዓመት አልፎት፣ አስተማሪዎቹም በየቀበሌው ተመድበው ሳለ፣ ከአሥር እናቶች ዘጠኙ በቤታቸው ይወልዱ ነበር ማለት ነው።

ስለ ምን ይህን ያህል ተለያየ? መርፌውን ብዙ ሴቶች ቀድሞውንም ይፈልጉት ነበር፤ የጎደለው ቅርበቱ ነበር፤ ጤና ኬላው ይህን ሰጠ። ወሊድ ግን ሌላ ነገር ነው። በቤት የምትወልድ ሴት ብቻዋን አይደለችም፤ እናቷና አማቷ አሉ፣ ማርያም ማርያም የሚሉ ጎረቤቶች አሉ፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፤ በኦሮሞ ዘንድም በአምስተኛው ቀን ሴቶች ተሰብስበው አራሲቱን የሚያከብሩበት ሸነን የሚባል ሥርዓት አለ። ይህን ሁሉ ትታ ወደማታውቀው አልጋ እንድትሄድ «ጤና ጣቢያ ውለጂ» የሚል ቃል አይበቃትም። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሎ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ከመቶ የደረሰው ለወረዳዎች አምቡላንስ ሲሰጥ፣ በየወሩ የነፍሰ ጡሮች ጉባኤ ቡና እየተፈላ ሲደረግ፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ለአራሷ ገንፎ እንዲገነፋላት ሲፈቀድ ነው። ሁሉን ለገንፎው መስጠት አንችልም፤ መንገዱም አምቡላንሱም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ገንፎው ወደ ጤና ጣቢያ የገባው ሴቶቹ የሚሉትን ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ስለ ተገኘ ነው። ይህን የመሰለ መስማት በሥልጠናው ውስጥ ዋና ትምህርት ሆኖ ሊሰጥ ይገባው ነበር።

የመጸዳጃውም ነገር ከዚህ አይለይም። በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ቤተሰብ አራቱ ያህል መጸዳጃ አልነበራቸውም፤ በ2008 ዓ.ም. መጸዳጃ የሌለው ከሦስት አንዱ ያህል ሆኗል። ታላቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በዚያው በ2008ቱ ጥናት የተሻሻለ የሚባለውንና ለብቻው የሆነውን መጸዳጃ የሚጠቀም ቤተሰብ ከመቶ 6 ብቻ ነበረ። ጉድጓዱ ተቆጠረ፤ ክዳኑና እጅ መታጠቢያው ግን ገና ቀርቷል። አንድ ቤተሰብ 96 ሰዓት ትምህርት ተከታትሎ ከፓኬጆቹ የሚበዙትን ሲፈጽም «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ይመረቅ ነበር። ምረቃው በራሱ መልካም ነው፤ ሰው ይደሰትበታል። ነገር ግን አለቃ በዚህ ሩብ ዓመት ስንት አስመረቅሽ? ብሎ በሚጠይቅበት ሥራ፣ ጉድጓድ ማስቆፈር ሰውን ከማሳመን ይቀልላል። ሠራተኛዋ የተጠየቀችውን ትሠራለች፤ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

ሒሳቡንም እንመልከት። በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢኖር 5,000 ሕዝብ 1,000 ቤት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለአንዲቱ 500 ቤት ይደርሳታል። ከሥራ ጊዜዋ ሦስት አራተኛውን በቤት ለቤት ጉብኝት እንድታሳልፍ ታዟል። በቀን አራት ቤት ብትጎበኝ፣ በእግር፣ በክረምት ጭቃም ጭምር፣ አንዱን ቤት ጎብኝታ ወደዚያው የምትመለሰው ከ125 የሥራ ቀን በኋላ ነው፤ ግማሽ ዓመት ነው። በዚያ ላይ መዝገብ አለ፣ የቤተሰብ ማኅደር አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ክትባት አለ፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሕፃናትን የሳንባ ምች በመድኃኒት ማከም ተጨመረ። የተጨመረው ሁሉ ጠቃሚ ነው። የሕፃን ሕይወት የሚያድነውን መድኃኒት ማን ይቃወማል? ነገር ግን አንድ ሥራ በተጨመረ ቁጥር የተቀነሰው ሁልጊዜ መነጋገሩ ነው፤ መነጋገር በሪፖርት ላይ አይወጣምና።

አሁን ወደሚከብደው ነጥብ እንሻገር። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ብዙ ጊዜም ያላገባችና ያልወለደች ልጅ ስድስት ወልዳ ሁለት ለቀበረች እናት ስለ ወሊድ ስታስተምር እናቲቱ በአክብሮት ትሰማታለች እንጂ ልቧን አትሰጣትም። መንግሥትም ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የሴቶች ልማት ሠራዊት የተባለውን አቋቁሞ አምስቱን ቤት ለአንዲት፣ ሠላሳውን ያህል ደግሞ ለአንዲት መሪ ሰጥቷል። መሪዎቹ ባለትዳሮችና የልጆች እናቶች ናቸው፤ በመንደሩ ይሰማሉ። ነገር ግን ደመወዝ የላቸውም፤ ትምህርታቸውም ከጤና ሠራተኛዋ ሲተርፍ የሚደርሳቸው ነበር። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ መጽሐፉ ያላት ልጅ ተሰሚነት የላትም፣ ተሰሚነት ያላት እናት መጽሐፍ የላትም። አንደኛዋ በእንግሊዝኛ ተምራ በኦሮምኛ ትቸገራለች፤ ሁለተኛዋ በኦሮምኛ ትችላለች፣ የምትለው ግን አልተሰጣትም። የተጠራችበት «ሠራዊት» የሚለውም ስም ለቡና ጎረቤት የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማሳየት ወደ ህንድ አገር እንሂድ። በማሃራሽትራ ጃምኬድ በሚባል ስፍራ ራጃኒካንትና ማቤል አሮሌ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 የገጠር ጤና ሥራ ጀመሩ። የመረጧቸው የመንደር ጤና ሠራተኞች ዕድሜያቸው የበሰለ እናቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ከታችኛው ወገን የሆኑም ነበሩባቸው። በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ በራሳቸው ቋንቋ ጥቂት ነገር ይማሩና ወደ መንደራቸው ተመልሰው ያንኑ ይናገራሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡ ሰዉ ምን እንዳላቸው ይነግሩና ሌላ ይማራሉ። ትምህርቱ ለዓመታት አልተቋረጠም። ይህን ሁሉ እዚህ መገልበጥ ይገባል አንልም፤ ህንድ ሌላ ኢትዮጵያ ሌላ ናት፤ የእኛዎቹም መማራቸው ትልቅ ሀብት ነው። የምንለው ሥልጠናው ተሰሚነት ወዳለበት ሰው ሊሄድ ይችላል፣ ከሰዉ አፍ የመጣውንም መልሶ ሊማርበት ይችላል ነው። በአገራችንም ለልማት ቡድን መሪዎች የተለየ ሥልጠና ለመስጠት በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ጅምር ነበረ። አሳቡ ትክክለኛ ነበረና በሰፊው ሊገፋበት በተገባ ነበር።

ስለ ሆለታና በዙሪያዋ ስላሉት ከተሞች ደግሞ ለብቻው የምንለው አለን። የገጠሩ ፓኬጅ ሲጻፍ በዓይነ ሕሊና የታየችው ሴት በቀን ቤቷ የምትገኝ የገበሬ ሚስት ናት። በሆለታ፣ በሰበታና በሱሉልታ ግን የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል፤ በርካታ ሴቶች ማለዳ ወጥተው በማታ ይመለሳሉ። ከእንጦጦ በኩል እንጨት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱት፣ ወተት ይዘው የሚሄዱትም በቀን ከቤት አይገኙም። ጤና ሠራተኛዋ በአራት ሰዓት በር ብታንኳኳ የምታገኘው አያትና ሕፃን ነው። ለከተሞች በተለየ ፕሮግራም ነርሶች ተመድበዋል፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው ሥር ተጠቃልለዋል። ነገር ግን የከተማ ወሰን ሲገፋ ትላንት ገጠር የነበረው ቀበሌ በአንድ ጊዜ ልማዱን አይለውጥም፤ ሴቲቱ የአበባ እርሻ ደመወዝተኛ ሆና ሳለች ወሊዷን የሚመክሯት ግን ያው አማቷ ናቸው። ለዚህች ሴት የሚሆነው ጊዜ እሑድ ወይም ማታ ነው፤ ቦታውም ቤቷ ብቻ ሳይሆን ማኅበሯ፣ ዕድሯና የእርሻው በር ነው። የሥራ ሰዓቱ ይህን እንዲከተል ማድረግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለንም።

በአሳባችን ላይ የሚነሣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ይህንንም የነገሩን ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። እንግሊዝኛው መሰላላችን ነው ይላሉ። ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳድገን፣ አንድ ቀን ነርስ ወይም ጤና መኮንን የሚያደርገን እርሱ ነው፤ መጽሐፉን ወደ ኦሮምኛ ብትመልሱት እኛን ከጤና ኬላው ጋር ቸነከራችሁን ማለት ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ንቀን አናልፈውም። አሥር ዓመት በአንድ ጤና ኬላ ለሠራች ሴት የዕድገት ነገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ይቅር አንልም። ለደረጃ ዕድገት የሚሆነው መጽሐፍ ይኑር፤ ከጎኑ ግን ሌላ ደብተር ይኑር እንላለን፤ ይኸውም የምትናገረውን በምትናገርበት ቋንቋ የያዘ። የቤተሰብ ጤና ካርዱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ መታተሙ ይህ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል፤ ነገር ግን ካርዱ ለእናቲቱ የተጻፈ ነው እንጂ ለአስተማሪዋ አይደለም። ሞጁሎቹም ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ ማንም እንዲገለብጣቸውና እንዲያሻሽላቸው ተፈቅደው ስለ ተለቀቁ የሚከለክል ሕግ የለም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2035 የሚደርሰው የፕሮግራሙ ማሻሻያ ፍኖተ ካርታ አንዳንዶቹን ጤና ኬላዎች ሰፋ ባለ ሕክምና ለማጠናከር፣ ከፍ ያለ ሙያ ያላቸውንም ለመመደብ ያቅዳል። ሕዝቡ ሕክምና ስለሚፈልግ ይህ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ኬላው ወደ ትንሽ ክሊኒክነት ባደገ መጠን ቤት ለቤት የሚሄደው እግር እንዳይሳብ እንሠጋለን።

ለጊዜው የምንጠይቀው ፈተናው እንዲለወጥ ነው። በኦሮሚያ የምትሠለጥን ልጅ ከመመረቋ በፊት ከማታውቃቸው አምስት ወይም ስድስት እናቶች ጋር ቡና በሚፈላበት ተቀምጣ አንድ ነገር በኦሮምኛ ታስተምር፤ በአማራ በአማርኛ፣ በሌላውም እንደ ቋንቋው። ፈታኙ ዝም ብሎ ያዳምጥ። ከዚያ በኋላ ልጅቱን ወደ ውጭ አስወጥቶ እናቶቹን ምን ነገረቻችሁ? ምንስ ሳትጠይቋት ቀራችሁ? ብሎ ይጠይቃቸው። ማርኩ የሚሰጠው በእነርሱ መልስ ላይ ይሁን፤ ያልጠየቋትም ነገር ተጽፎ ለሚቀጥለው ዓመት ሠልጣኞች በደብተራቸው ላይ ይግባላቸው።